የጎረቤት ልጅ

«ሜዳ! ሜዳ ነው የሚለው! ናርዲ ሙቺልኝ፣ ሜዳ ነው የሚለው!»

እንደዚህ የምትጮኸው ጓደኛዬ ሰኪና ናት፣ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ወንበር ላይ ቆማ። መምህራችን አልተቆጡም። እሳቸውም ጽሑፍ የሚያሳየውን መነጽራቸውን አድርገው የአከራያቸውን አያት እያነበቡ ነበር።

ቀኑ መስከረም 20፣ 2091 ነው። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ የ2031ዱ ቆጠራ ተከፈተ። ስልሳ ዓመት የሞላው ቆጠራ ለሕዝብ ይከፈታል፣ ሕጉ እንደዛ ነው፣ እኛ ደሞ ከክረምት ጀምሮ ለዚህ ቀን ስንቁነጠነጥ ነበር። በየቤቱ ማን አደረ፣ ስንት ዓመቱ ነው፣ ለቤቱ ኃላፊ ምኑ ነው፣ ማንበብ ይችላል ወይ፣ አካሉ ሙሉ ነው ወይ፣ መጸዳጃ ቤታቸው ምን ዓይነት ነው። ሁሉም! ስም በስም! ደሴ ከተማ ሙሉ! ትምህርት ቤታችን ኬክ ሁሉ ቆርሷል፣ ኬኩ ላይ በክሬም «የተቆጠረ ሁሉ የሁሉ ነው» ተብሎ ተጽፏል፣ እኔ «የሁሉ»ን ነው የበላሁት።

እና «ሜዳ» የወይዘሮ ትብለጥ ናት። ወይዘሮ ትብለጥ ማለት ቧንቧ ውሃ ሰፈር እኛ ፊት ለፊት ባለ አራት ፎቅ ቤት ያላቸው፣ የእድራችን ሊቀመንበር፣ ሲጨብጡሽ ሁለት ጣት ብቻ የሚሰጡሽ ሴትዮ ናቸው። አባታቸው ትልቅ ሰው እንደነበሩ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ያወራሉ። የአባታቸው ቤት የቆጠራ ወረቀት ግን እንዲህ ይላል። ጣሪያ፣ ቆርቆሮ። ግድግዳ፣ ጭቃ። መጸዳጃ ቤት፣ የለም፣ ሜዳ ይጠቀማሉ።

ሜዳ ይጠቀማሉ! በአንቱታ!

ሳቅን፣ ሳቅን፣ ሆዴን ያዘኝ። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ «እሜቴ ሜዳ» ይላቸው ጀመር። እሳቸውም የዋዛ አይደሉም፣ በሦስተኛው ቀን የጎረቤቱን ሁሉ ወረቀት በቃላቸው አጥንተው መጡ። «የእናንተ አያት ፊደል አይቆጥሩም ነበር አይደል?» ይላሉ ገና ሰላም ሳይሉሽ።

ቆጠራው ከተከፈተ በኋላ ኑሮ እንደዚህ ነው። በየበሩ ያለው ሰሌዳ ላይ የቤቱ ሰዎች የ2031 ወረቀት ይበራል። ባጃጅ ስትሳፈሪ ሹፌሩ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ያይሽና «አያትሽ ሁለት ሚስት ነበራቸው?» ይልሻል። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሰው ከፊቱ ያለውን ሰው አያት እያነበበ ነው የሚጠብቀው፣ ጊዜ ይገፋል። ትምህርት ቤት ደሞ የቤት ሥራ ሰጡን፣ «የአንድ ጎረቤታችሁን ወረቀት አንብባችሁ የተሰማችሁን ጻፉ»። ሰኪና አራት ገጽ ጻፈች። ተሰምቷታል!

የከተማችን ኃላፊ በየአደባባዩ ስክሪን ላይ ወጥተው «ታሪክን መደበቅ የለም» ብለዋል። የእሳቸው አያት ገጽ ግን ሻይ ፈሶበት አይነበብም አሉ። ምን ዓይነት ሻይ ነው ግን? ከላይ ያለውን ገጽ ሳይነካ፣ ከታች ያለውን ሳይነካ፣ አንድ ቤተሰብ ላይ ብቻ መርጦ የሚፈስ?

እኔ ግን በዛን ጊዜ ደስተኛ ነበርኩ። ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ። ጥቅምት 28 የእህቴ የሜላት ሰርግ ነው፣ የሚዜ ቀሚሴ ሎሚ ዓይነት ቢጫ ነው፣ ሙሽራው ኖላዊ ነው። ኖላዊን ከተወለድኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ጎረቤታችን ነው፣ አንድ ግቢ ነን፣ በመሀላችን አጥር የለም። አያቱ አባባ ክንዱና የኔ አያት አባባ ማስረሻ አብረው አድገው አብረው ያረጁ ናቸው። እሱና ሜላት ሲዋደዱ ሰፈሩ ሁሉ «ድሮስ!» ነው ያለው።

በአምስተኛው ቀን ሰኪና እረፍት ሰዓት ላይ መጣች። አትጮህም። ሰኪና ሳትጮህ ስትመጣ ነገር አለ።

«ናርዲ፣ የእናንተን አይተሽዋል?»

«የኛ ምን አለው? የአባባን እናት አየኋቸው። ደብሪቱ። ብቻቸውን ከባላቸው ጋ ነው ያሉት፣ ልጅ የለም። ያኔ አባባ አራት ዓመቱ ነው፣ ረስተውት ነዋ!»

«አልረሱትም» አለችና መነጽሯን ሰጠችኝ። «እዚህ ነው ያለው።»

የኖላዊ ቤተሰብ ገጽ ነው። ተራ ቁጥር አንድ ሸጋው፣ የቤቱ ኃላፊ። ሁለት አልጋነሽ፣ ሚስት። ሦስት ክንዱ፣ ልጅ፣ ስድስት ዓመት። አራት ማስረሻ፣ ልጅ፣ አራት ዓመት።

የኔ አባባ። የሸጋው ልጅ። የአባባ ክንዱ ወንድም።

ዛፉም አውጥቶታል። ዛፉ ማለት ወረቀቶቹን ሁሉ ከኛ ከዛሬዎቹ ጋ የሚያያይዘው ነው። ከሜላት ወደ እማዬ፣ ከእማዬ ወደ አባባ፣ ከአባባ ወደ ሸጋው። ከኖላዊም ሦስት መስመር ወደ ሸጋው። መስመሩ ቀይ ነው። ሰባት ቤት ካልራቁ ጋብቻ የለም፣ ያው ታውቁታላችሁ። ድሮ ሽማግሌ ነበር የሚቆጥረው፣ ሽማግሌ ይለመናል፣ ያዝናል፣ ይረሳልም። ዛፉ አይለመንም።

ቤት ስደርስ ሜላት ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ከጋብቻ ቢሮው መልእክት መጥቶላታል። «ታግዷል። ዝምድና፣ ሦስት ቤት። መልካም ቀን።»

መልካም ቀን!

አባባ ማስረሻ ከኋላ ወንበሩን ስቦ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። አባባ ዕድሜውን ሙሉ መድኃኒት የሚያደርሱትን ድሮኖች ክንፍ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፣ ጣቶቹ አሁንም ስስ ነገር የያዙ ይመስላሉ።

«ይሄማ ቀላል ነው» አለ። «እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ነገረን። እናቱ ደብሪቱ ከሱ በፊት ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዳ ሁለቱም ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱባት። እሱ ሲወለድ፣ ገና ሳይጠባ፣ በመስኮት አሳልፋ ለጎረቤቷ ለአልጋነሽ ሰጠችው። አልጋነሽ በእፍኝ ሽምብራ ገዛችው። ከዛ ቀን ጀምሮ የአልጋነሽ ልጅ ነው ተባለ።

«የሚባለው በአፍ ነው እንጂ» አለ አባባ፣ «የምተኛው እናቴ ጋ፣ የምበላው እናቴ ጋ። ሰው ሲጠይቃት ግን የጎረቤት ልጅ ነው ትላለች። ሞት የደብሪቱን ልጅ ፈልጎ ሲመጣ እንዲያጣኝ። ሰባት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ አንድ ቀን ልጄ ብላኝ አታውቅም።»

«ቆጣሪ ሲመጣስ?» አልኩ።

«አራት ዓመቴ ነበራ! ሦስት ይቀረኛል።»

«እና ለመንግሥት ዋሸች?»

«ለሞት ነው የዋሸችው» አለ አባባ። «መንግሥት በር ላይ ቆሞ አብሮ ሰማ፣ ምን ታድርግ?»

ሜላት እያለቀሰች ሳቀች። እኔ ደሞ በቃ አለቀ ብዬ ቀሚሴን ልለካ ገባሁ። ፋራ ነበርኩ።

ምክንያቱም ማን አመነው? ማንም! ቆጠራው ከተከፈተ በኋላ ወረቀቱ ያላማረለት ሰው ሁሉ ተረት አለው። «ሁለተኛ ሚስት አይደለችም፣ እንግዳ ናት»፣ «እስረኛ አይደለም፣ የእስር ቤት ዘበኛ ነው»። የአባባም አንድ ተረት ሆነና አረፈው።

ወይዘሮ ትብለጥ ሊያጽናኑን መጡ። ሰው ሲጎዳ ቀድመው ነው የሚደርሱት፣ እንዳያመልጣቸው።

«የኔ ልጅ» አሉ ሜላትን ሁለት ጣታቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው፣ «እግዜር አተረፈሽ። ከወለድሽ በኋላ ቢሆን ኖሮስ? ወረቀት አይዋሽም።»

«አይዋሽም?» አልኩ። «ሜዳውም እውነት ነው ማለት ነው?»

እማዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፣ እስከ ዛሬ ምልክቱ አለ። ወይዘሮ ትብለጥ ግን ዓይናቸውን አላሹም። «ደሞ እንበልና አያትሽ እንዳሉት ይሁን» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዝቅ ያለው ግን መንገድ ድረስ ይሰማል፣ «አንዲት ሴት ከመሬት ተነስታ ልጇን ለጎረቤት ትሰጣለች? ለሸጋው ቤት? ሸጋው ምን አገባው? ካላገባው በስተቀር...»

ገባችሁ አይደል? አባባ የአልጋነሽ ልጅ ከሆነ የሸጋው ነው። የደብሪቱ ከሆነም የሸጋው ነው! በየትም ብትዞሪ ቀይ መስመር! እስከ ማታ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ይሄን ይዞ ዋለ፣ የሞቱ ሰዎችን ስም እየጠራ፣ ሳምቡሳ እየበላ።

ደም ያስመረምሩ ትሉ ይሆናል። አስመረመሩ! ሜላትና ኖላዊ በማግስቱ ሄደው ተመረመሩ፣ በአንድ ደቂቃ ወጣ፣ ምንም ዝምድና የለም፣ ከአንድ ባጃጅ ሹፌር ጋ ካላቸው አይበልጥም። ግን ለማንም ማሳየት አይቻልም። የደም መረጃ የግል ነው፣ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ ለቢሮ ማቅረብ ያስከስሳል፣ ለጎረቤት መንገር ያሳስራል። ሕጉን ሳነበው አቅፌ ልስመው ነው የደረስኩት፣ ምን ያህል እንደሚያስቡልን! ደምሽን ማንም እንዳያይብሽ። የቅድመ አያትሽን ሽንት ቤት ግን ከተማው ሁሉ ይየው።

ጋብቻ ቢሮ ሄድን፣ እኔ፣ ሜላትና አባባ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ማስቲካ ታኝካለች። ክፉ አይደለችም፣ ክፉ ብትሆን ይሻል ነበር።

«ወረቀቱ እንዲስተካከል መልሱን የሰጠው ሰው በአካል ይቅረብ።»

«እናቴ ናት» አለ አባባ። «ከሞተች ሠላሳ ዓመቷ።»

«እሺ፣ በአካል ትቅረብ።»

«ሞታለች እያለሽ እኮ ነው!» አለች ሜላት።

ልጅቷ ስክሪኗን ዝቅ እያደረገች አነበበች። «ወይም ቆጣሪው። ቆጣሪው ቀርቦ ስህተቱ የራሱ እንደሆነ ካረጋገጠ ይስተካከላል። ግን የዛን ጊዜ ቆጣሪ የት ይገኛል ብላችሁ ነው?»

ወረቀቱ ግርጌ ላይ ስም አለ። ይማም አህመድ፣ መምህር። ሰኪና በሦስት ደቂቃ አገኘቻቸው። በሕይወት አሉ! ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው! ጦሳ ተራራ ስር፣ የመጨረሻው ዳገት ላይ! ሰርጉ ሊደርስ አስራ አንድ ቀን ቀርቶታል። እኔና አባባ በማግስቱ ጠዋት ሄድን፣ አባባ ዳገቱን ሦስት ጊዜ እያረፈ።

የበራቸው ሰሌዳ ላይ ጋቢ ተሰቅሎበታል። ክልክል እኮ ነው! እኔ እንደዚህ የሚያደርግ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ዓይኔ ፈጠጠ።

«ማን ነው?»

«ናርዶስ እባላለሁ ጋሽ ይማም፣ ይሄ አያቴ ነው፣ ከቧንቧ ውሃ—»

«ስም አልጠየቅኩሽም። ማን ነው ያልኩት በሩን ለመክፈት ነው።»

ረጅም ናቸው፣ ኮታቸው ከላይ እስከ ታች ተቆልፏል። ሳሎናቸው ውስጥ አንድ ወንበር፣ አንድ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ ደሞ አንድ ነገር ብቻ፣ በመስታወት ውስጥ ያለ የወየበ ምስክር ወረቀት። ለመምህር ይማም አህመድ፣ ሁለት መቶ አስራ ሁለት ቤት፣ ያለ አንድ ስህተት።

«ያለ አንድ ስህተት» ብዬ አነበብኩ።

«አንድም» አሉ። «ጓደኞቼ ግሮሰሪ ቁጭ ብለው ከራሳቸው ሲሞሉ እኔ በዝናብ በየበሩ ቆሜ ነው የሞላሁት። ከተማው ውስጥ ይሄን ያገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

አባባ ነገሩን ሁሉ ነገራቸው። ሽምብራውን፣ መስኮቱን፣ ቀዩን መስመር፣ ሜላትን። «እናቴ ያን ቀን ምን እንዳለችዎት ያስታውሳሉ?»

«አስታውሳለሁ።»

ከመቀመጫዬ ዘለልኩ። «ተመስገን! ታዲያ ቢሮ መጥተው ይንገሩልን!»

«አልናገርም።»

«እንዴት?»

«በየበሩ መጀመሪያ ምን እንደምል ታውቂያለሽ?» ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለ አስተማሪ። «የሚሰጡን ምላሽ በምስጢር ይጠበቃል፣ ለማንም ተላልፎ አይሰጥም። ሁለት መቶ አስራ ሁለት ጊዜ። በኔ አፍ። ስልሳ ዓመት የሚል ቃል ሰማሽበት?»

«ሕጉ እኮ ኋላ ነው የወጣው—»

«ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ እንጂ ሕጉ አይደለም።»

«ጋሽ ይማም» አለ አባባ፣ «እኔ ልጇ ፈቅጃለሁ።»

«አንተ ምን አገባህ? የነገረችኝ እሷ ናት። እሷን አምጣትና ትፍቀድ።»

«ሞታለች!» አልኩ። ሰው ሁሉ ምን ነካው!

«እንግዲያው አልፈቀደችም።»

ነደደኝ። «በእርስዎ ግትርነት እህቴ ሳታገባ ልትቀር ነው! ወረቀቱን ሰው ሁሉ አንብቦታል፣ ከእንግዲህ የሚደበቀው ምኑ ነው?»

ቁልቁል አዩኝ። ሲያዩኝ ሳላስበው ቀሚሴን ወደ ታች ሳብኩ።

«አንቺ የተከፈተ ቀን ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«እ... ሳነብ።»

«ምን ስታነቢ?»

«የጎረቤት ወረቀት። መጸዳጃ ቤት የሚለውን... አንድ አስቂኝ ነገር ነበር—»

«ማን እንደሆነ አትንገሪኝ» አሉ ቶሎ ብለው፣ እጃቸውን አንስተው። ከዛ ቀስ ብለው፣ «በዝናብ ነው የሄድኩት ብዬሻለሁ። እዛች ጥያቄ ላይ ስደርስ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። እኔም መሬት መሬት እያየሁ ነው የጻፍኩት። ውጪ ጠብቂ።»

ወጣሁ። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ነበር፣ አልዋሽም፣ ግን በሩ የድሮ እንጨት ነው፣ ጉርምርምታ እንጂ ቃል አያሳልፍም። ሃያ ደቂቃ ቆዩ። አባባ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል፣ በግራ እጁ የቀኝ እጁን አንጓ ጭብጥ አድርጎ ይዟል፣ ልክ እናት ትንሽ ልጇን እንደምትይዘው። እስከ ቧንቧ ውሃ ድረስ አለቀቀውም።

«ምን አሉህ? አባባ! ምን አሉህ?»

«ሂጂ ወደፊት፣ ዳገት ነው» አለኝ። ቁልቁለት እኮ ነው!

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ ይማም ጋብቻ ቢሮ መጡ። ማንም አልጠራቸውም። ኮታቸውን ቆልፈው፣ ምስክር ወረቀቱን ከነመስታወቱ በብብታቸው ይዘው። አዳራሹ ሙሉ ነበር፣ ወይዘሮ ትብለጥም ነበሩ፣ እኛ የምንሄድበት ቦታ ሁሉ ሥራ ይገጥማቸዋል።

«ስህተት ላስተካክል ነው» አሉ ጋሽ ይማም መስኮቱ ጋ።

ልጅቷ ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። «የማን ስህተት?»

«የኔ። የደብሪቱንና የአልጋነሽን ቤት ወረቀት ግቢው መሀል ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አንድ ላይ ሞላሁ። ዝናብ ነበር፣ ቸኩዬ ነበር። አንዱን ልጅ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ጻፍኩት።»

«መልስ የሰጡት ሴትዮ ምን ነበር ያሉት?»

«አልሰማኋትም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

እኔ ቆሜ አፌን ከፍቻለሁ። ትናንት አስታውሳለሁ ብለዋል! በየበሩ ቆሜ ሞላሁ ብለዋል! እኚህ ሰውዬ መንግሥት ቢሮ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፊታቸው ሳይፈታ እየዋሹ ነው! ልጮህ ነበር። አባባ እጄን ያዘኝ። አንጓዬ ጋ፣ ጭብጥ አድርጎ። አፌን ዘጋሁ።

«ያለ ስህተት የሚለው ይሰረዛል» አለች ልጅቷ፣ ድምፅዋ ትንሽ አዝኗል። «ስምዎት የተሳሳቱ ቆጣሪዎች ዝርዝር ላይ ለሕዝብ ይወጣል። በርዎ ሰሌዳ ላይም።»

«ይውጣ።»

ምስክር ወረቀቱን በመስኮቱ አሳልፈው ሰጡ። ሲሰጡት መስታወቱ ጫፉን መታና ተሰነጠቀ። ስንጥቁን ከኔና ከአባባ በስተቀር ያየ የለም፣ ሌላው ሰው መነጽር አድርጎ ቀዩ መስመር ሲጠፋ እያየ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ያለውን ማየት ነበረባችሁ! ቆጣሪው ተሳስቷል ሲባል የከተማው እኩሌታ ጦሳ ዳገት ላይ ተሰለፈ። ሁለት ሚስት የነበራቸው፣ እስር ቤት የነበሩ፣ ፊደል የማይቆጥሩ ሰዎች የልጅ ልጆች ሁሉ «የኛንም ተሳስተዋል፣ ይፈርሙልን» እያሉ። እኔና ሰኪና ልናይ ሄድን። ሰልፉ መጀመሪያ ላይ ማን አለ? እሜቴ ሜዳ! በቀደም ወረቀት አይዋሽም ያሉት! ዣንጥላ ይዘው፣ ሁለቱን ጣት ሳይሆን ሁለቱንም እጅ ዘርግተው!

«ጋሽ ይማም፣ የኔ ጌታ፣ የአባቴን ቤት ያስታውሱታል አይደል? መጸዳጃ ቤት ነበረን እኮ፣ ከኋላ በኩል፣ ቆንጆ!»

ጋሽ ይማም በሩን በሁለት ጣት ያህል ከፍተው አዩዋቸው። እሳቸው ያስታውሳሉ! ሁሉንም ያስታውሳሉ፣ ሁለት መቶ አስራ ሁለቱንም፣ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። አንድ ቃል ቢናገሩ ሴትዮዋ አይነሱም ነበር። እኔ እዛ ቆሜ ተናገሩ፣ ተናገሩ እያልኩ ነው በልቤ።

«አላስታውስም» አሉና ዘጉት።

ለሁሉም እንደዛ። አላስታውስም። አላስታውስም። አምስት ቀን ሙሉ። ከዛ ሰው ሰለቸውና ሌላ ወረቀት ፍለጋ ሄደ። ልጆች በራቸው ላይ «ስህተት» ብለው በጠመኔ ጻፉባቸው፣ እሳቸውም አላጠፉትም።

ጥቅምት 28 ሜላትና ኖላዊ ተጋቡ። ወንድምና እህት ናቸው ሲል የከረመው ሰፈር በሙሉ መጣ፣ በላ፣ ጨፈረ፣ ለቤቱም ምግብ አስቋጠረ። ወይዘሮ ትብለጥ ከሁሉ በላይ ነው እልል ያሉት። ቀሚሴ በጣም አምሮብኝ ነበር። ጋሽ ይማም ተጠርተው አልመጡም። አባባ ሳህን በፎጣ ሸፍኖ ዳገቱን ብቻውን ወጣ።

ያን ቀን በሩን ዘግተው ምን እንዳሉት? አላውቅም። እሺ፣ ትንሽ አውቃለሁ። ግን አልነግራችሁም። ምን ይሁናችሁ?

አሁን ታኅሣሥ 2092 ነው፣ ደሞ ቆጠራ መጣ። ትናንት ጠዋት ቤት የነበርነው እኔና የሜላት ልጅ ነን። ሦስት ወሩ ነው፣ እግሩ እንደ ዳቦ ነው፣ ጭኔ ላይ ተኝቶ የራሱን ቡጢ ይበላል። ቆጣሪዋ ወጣት ናት፣ መነጽሯ አዲስ ነው፣ በሩ ላይ ቆማ በአንድ ትንፋሽ አነበበችው።

«የሚሰጡን ምላሽ በምስጢር ይጠበቃል፣ ለማንም ተላልፎ አይሰጥም።»

«ለስንት ዓመት?» አልኳት።

«ምን?»

«ምንም። ቀጥዪ።»

ስም ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ዕድሜ፣ አስራ ሰባት። መጸዳጃ ቤት? ሜዳ አልኳት። ወደ ውስጥ አየች፣ ከኋላዬ በሩ የተከፈተ ነጭ መታጠቢያ ቤት አለ፣ ጽፋ አለፈች። የምታየውን አይደለም የምትጽፈው፣ የተባለችውን ነው።

«ይሄ ሕፃንስ? የማን ነው?»

ሳላስበው እጁን ያዝኩት፣ አንጓው ጋ፣ ጭብጥ አድርጌ። ጣቴ ሁለት ጊዜ ይዞረዋል። ቀና ብሎ አየኝ።

«የጎረቤት ነው» አልኩ።

«የትኛው ጎረቤት?»

«ፊት ለፊት። ወይዘሮ ትብለጥ። እሳቸው ናቸው የወለዱት።»

መነጽሯ ውስጥ ፈለገቻቸው። «እሳቸው ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው ይላል።»

«ጠንካራ ናቸው።»

ትንሽ አየችኝ፣ ሕፃኑን አየችው፣ ከዛ ጻፈችው። በማርያም ጻፈችው! ገና ሰባ ቤት ይቀራታል፣ ፀሐዩ ከሯል።

እንግዲህ በ2152 ይከፈታል። ኬክ ትቆርሳላችሁ፣ ወንበር ላይ ትቆማላችሁ፣ ቀይ መስመራችሁን ይዛችሁ ወደኔ ትመጣላችሁ። ያኔ ሰባ ሰባት ዓመቴ ነው፣ እኖራለሁ፣ ሆን ብዬ እኖራለሁ። በሬን አንኳኩ። በሁለት ጣት ያህል እከፍትላችኋለሁ።

አላስታውስም።